ከበሩ ገብታለች፤ ከጨዋታውስ?

የምትደውለው ብዙውን ጊዜ እናት ናት። "ለአራት ዓመት ልጅ ቦታ አላችሁ?" "አለን፤ ይምጡና ይመልከቱ።" ስለ ሰዓቱ ያወራሉ፤ ስለ ክፍያው ያወራሉ። መጨረሻ ላይ እናትየዋ ትንሽ ታመነታና "አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ልጄ አካል ጉዳት አለባት" ትላለች። ከዚያ ስልኩ ውስጥ አንድ ዓይነት ዝምታ ይመጣል። የደረሰበት ወላጅ ያውቀዋል።

"አንቀበልም" የሚለው ቃል በግልጽ ላይነገር ይችላል። የሚነገረው ለስለስ ያለው ነው። "እኛ ጋ እንዳትቸገር ብለን ነው።" "ባለሙያ ያለበት ቦታ አይሻላትም?" "ትንሽ ትጠንክርና በሚቀጥለው ዓመት እንየው።" ሁሉም ለልጅቷ የታሰበ ይመስላል። ልጅቷ ግን ቤት ትቀራለች።

ዩኒሴፍ በ2021 ባወጣው ሪፖርት (እዚህ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በዓለም ላይ ወደ 240 ሚሊዮን የሚጠጉ አካል ጉዳት ያለባቸው ልጆች እንዳሉ ገምቷል። ከአሥር ልጆች አንዱ ማለት ነው። እነዚህ ልጆች ጉዳት ከሌለባቸው እኩዮቻቸው ጋር ሲነጻጸሩ የቅድመ አንደኛ ትምህርት የማግኘት ዕድላቸው በ25 በመቶ ያንሳል። ጭራሽ የትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጡ የመቅረት ዕድላቸው ደግሞ በ49 በመቶ ይበልጣል።

ስለዚህ የበሩ ጉዳይ ገና አላለቀም። እኔ ግን ዛሬ ይበልጥ ማውራት የፈለግኩት በሩ ከተከፈተ በኋላ ስለሚሆነው ነው። ክፍል ውስጥ መግባትና ጨዋታ ውስጥ መግባት ለየቅል ናቸው። መዋዕለ ሕፃናት ውስጥ ደግሞ ትምህርቱ ራሱ ጨዋታው ነው።

"ደርሳለች ወይ?"

መጀመሪያ ግን አንድ ጥያቄ ከመንገድ እናንሳ። "ለትምህርት ቤት ደርሳለች ወይ?" የሚለውን። በራሷ ትበላለች? ዳይፐር ትታለች? ትናገራለች? ትሄዳለች?

መዋዕለ ሕፃናት እኮ ማንም ደርሶ የማይገባበት ቦታ ነው። አንዱ እስከ እረፍት ሰዓት ያለቅሳል። አንዷ የቀረባትን ሁሉ ትነክሳለች። ሌላው ሁለት ወር ሙሉ አንድ ቃል አይተነፍስም። ሱሪው ላይ ያመለጠው ልጅ በየቀኑ አለ። መምህሯም በዚህ አትደነግጥም፤ ሥራዋ ነው። ከትምህርት ዘመን ሁሉ የልጆች ልዩነት እንደ ነገሩ የሚታየው እዚህ ነው። ፈተና የለም፤ ደረጃ የለም፤ አንድ ገጽ ላይ መድረስ የለም። ለአካቶ ትምህርት፣ ማለትም አካል ጉዳት ያለባቸውንም የሌለባቸውንም ልጆች አብሮ ለማስተማር፣ ከዚህ የሚቀል መነሻ ይኖራል ብዬ አላስብም።

ታሪኩን ካየነው ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ማሪያ ሞንቴሶሪ ሐኪም ነበረች። በ1900 አካባቢ ሮም ውስጥ ትሠራ የነበረው የአእምሮ እድገት ውስንነት ካለባቸው ልጆች ጋር ነው። ከእሷ በፊት በዚሁ መስክ የሠሩትን የፈረንሳዮቹን ኢታርና ሴጋን ጽሑፎች አጥንታ፣ ልጆቹ በእጃቸው እየነኩ የሚማሩባቸውን መሣሪያዎች አዘጋጀች። በጥር 1907 ሳን ሎሬንዞ በሚባለው የሮም የድሆች ሰፈር የሕፃናት ቤት ስትከፍት ያንኑ ዘዴ ይዛ ሄደች፤ በዚህ ጊዜ ግን ጉዳት ለሌለባቸው ልጆች። ዛሬ በየመዋዕለ ሕፃናቱ የምናያቸው ተነቅለው የሚሰኩ የእንጨት ቅርጾችና በጣት የሚዳሰሱ ፊደላት ብዙዎቹ ዘራቸው ከዚያ ነው። መሣሪያው ከእነዚህ ልጆች መጥቶ፣ ልጆቹ "ይህ ቦታ ለእናንተ አይሆንም" ሲባሉ ትንሽ ይገርማል።

ሕጉን ባጭሩ ልለፈው። በ1994 ሳላማንካ፣ ስፔን ላይ የ92 መንግሥታትና የ25 ዓለም አቀፍ ድርጅቶች ተወካዮች መደበኛ ትምህርት ቤቶች ሁሉንም ልጅ መቀበል እንዳለባቸው ተስማሙ። በ2006 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በአንቀጽ 24 ይህንን መብት አደረገው። ለእኔ ከሁሉም የሚጠቅመው ግን የስምምነቱ ኮሚቴ በ2016 ያወጣው ማብራሪያ ነው። ልጁን ትምህርት ቤቱ ውስጥ አስገብቶ "አሁን ራስህን ከእኛ ጋር አስተካክል" ማለት አካቶ አይደለም ይላል። አካቶ የሚባለው ትምህርት ቤቱ ራሱ ሲለወጥ ነው።

ይህ መለወጥ የሚባለው ነገር ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ምን ይመስላል?

ምንጣፉ ላይ

አንዲት የአራት ዓመት ልጅ እናስብ። ሴሬብራል ፓልሲ አለባት፤ ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው። በዎከር፣ ማለትም ይዛው በምትሄደው መደገፊያ፣ ትሄዳለች፤ ንግግሯ ለማያውቃት ሰው አይገባም። ትምህርት ቤቱ ደግ ነው። ለእሷ ተብሎ ረዳት ተቀጥራለች። ልዩ ወንበርም ተገዝቶላታል፤ ጎንና ጎኑ ደገፍ ያለው፣ ከፊቱ ጠረጴዛ የተገጠመለት። ጎብኚ ቢመጣ ክፍሉን በኩራት ያሳዩታል።

አሁን ልጆቹን እንይ። የእንጨት ኩቦቹ ያሉት ምንጣፉ ላይ ነው። ስድስት ልጆች በሆዳቸው ተኝተው ግንብ ይሠራሉ። ልጅቷ ወንበሯ ላይ ናት። ከእነሱ ከፍ ብላ፣ ፊቷ ላይ ሌላ መጫወቻ ተደርጎላት፣ ከጎኗ ትልቅ ሰው ተቀምጦ። ማንም አልገፋትም፤ ማንም አልሰደባትም። ግን ቀኑን ሙሉ ያናገረቻት ረዳቷ ብቻ ናት።

አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሚልድረድ ፓርተን በ1932 ባሳተመችው ጥናት ሕፃናት እንዴት ወደ ጨዋታ እንደሚገቡ ከፋፍላ አሳይታ ነበር። ልጅ መጀመሪያ ዳር ቆሞ ያያል። ከዚያ ከሌላው አጠገብ ሆኖ ያንኑ ዓይነት ጨዋታ ለብቻው ይጫወታል። ከዚያ ዕቃ መቀባበል ይመጣል፤ በመጨረሻ "አንተ እንዲህ ሁን፣ እኔ እንዲህ ልሁን" ይባላል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንድ ነገር ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ አጠገብ መሆን ያስፈልጋል። ጎን ለጎን ያልተቀመጠ ልጅ ወደ ቀጣዩ የሚሻገርበት መንገድ የለውም። ልዩ ወንበሩ ልጅቷን የወሰዳት ከዚህ ቦታ ነው።

መፍትሔው ብዙ ጊዜ ትንሽ ነው። ወለል ላይ የሚቀመጥ፣ ጀርባን የሚደግፍ ዝቅተኛ መቀመጫ አለ። በሌለበት ደግሞ ፊዚዮቴራፒስቷ ልጅቷ ግድግዳው ማዕዘን ላይ ወይም ትልቅ ሰው እግሮች መካከል እንዴት መቀመጥ እንደምትችል በግማሽ ሰዓት ታሳያለች። ኩቦቹ ከበድና ተለቅ ያሉ ቢሆኑ ከእጇ አይንሸራተቱም። ግንቡን መሥራት ካቃታት ማፍረስ ትችላለች። በአራት ዓመት ዕድሜ ደግሞ ከመሥራት ይልቅ ማፍረስ የተከበረ ሥልጣን መሆኑን ልጅ ያሳደገ ሁሉ ይመሰክራል።

የንግግሩም ነገር እንደዚሁ ነው። ቃል ለሚያስቸግራቸው ልጆች የሥዕል ሰሌዳ ይዘጋጃል። ትፈልጋለች፣ ትጠቁማለች፣ ሰው ይረዳታል። ጥሩ። ግን ሰሌዳውን ተጠግታችሁ እዩት። ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ ራበኝ፣ አመመኝ። ሁሉም ለትልቅ ሰው የሚነገር ነው። ምንጣፉ ላይ የሚያስፈልጓት ቃላት ሌሎች ናቸው፤ "ተራዬ ነው"፣ "ስጠኝ"፣ "ድገመው"፣ "እምቢ"፣ "ሂድልኝ"። "እምቢ" ማለት የማትችል ልጅ ጓደኛ አታፈራም፤ አሻንጉሊት ነው የምትሆነው። ሰሌዳው ደግሞ ቦርሳ ውስጥ ከተቀመጠ የለም ማለት ነው። እሷ ባለችበት መኖር አለበት፤ ሜዳ ላይም ጭምር።

ወላጆች እዚህ ላይ የሚፈሩት ነገር አለ። "በሥዕልና በምልክት ከለመደች መናገር ትተዋለች።" ፍርሃቱ ይገባኛል። ጥናቶቹ ግን ይህን አይደግፉም። እንዲያውም በብዙ ልጆች ላይ ንግግሩ ትንሽም ቢሆን ሲጨምር ነው የታየው። ለምሳሌ ዳውን ሲንድረም ያለባቸው ብዙ ልጆች የሚረዱት ከሚናገሩት በላይ ነው። ምልክት ሲሰጣቸው በመሃል ያለው ክፍተት ይጠባል፤ ብስጭታቸውም ይቀንሳል።

ረዳቷ

አሁን ወደ አስቸጋሪው ነገር ልግባ። ወላጆች ብዙ የሚታገሉለት "ለልጄ የራሷ ረዳት ይመደብላት" የሚለው ጥያቄ ነው። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሲሳካ ግን ያልታሰበ ነገር ይዞ ይመጣል።

በ1997 አሜሪካ ውስጥ የታተመ አንድ ጥናት መደበኛ ክፍል ውስጥ ያሉ አካል ጉዳተኛ ተማሪዎችንና ረዳቶቻቸውን ተከታትሎ ነበር። ረዳቶቹ ከልጆቹ አጠገብ አይጠፉም። ውጤቱ ምን ሆነ? ልጆቹ ከክፍል ጓደኞቻቸው ተነጠሉ። በትልቅ ሰው ላይ ጥገኛ ሆኑ። ዋናው መምህር ደግሞ "እሱ የረዳቱ ጉዳይ ነው" ብሎ እጁን ሰበሰበ። በመልካም ልብ የተሠራ ግድግዳ ልበለው?

ነገሩ ሲታሰብ አያስደንቅም። ሕፃናት ትልቅ ሰው ያለበት ጨዋታ ውስጥ በነፃነት አይገቡም። ምሥጢር አያወሩም፤ አይባልጉም፤ አይጣሉም። አንድ ልጅ መጥቶ ስለ ልጅቷ ረዳቷን ይጠይቃል፤ "ምን አለች?" ረዳቷ ትተረጉማለች። እሱም ለረዳቷ መልሶ ይሄዳል። ውይይቱ ከላይ አለፈ፤ ልጅቷ ከታች ቀረች። "እሷን ጠይቃት፤ ሰሌዳዋን እይ" ብላ ረዳቷ ወደ ኋላ ብታፈገፍግ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ረዳቷን መውቀሴ አይደለም። ቆማ ብትታይ "ሥራ ፈታች" ትባላለች። ልጅቷ ብትወድቅ የምትጠየቀው እሷ ናት። ደሞዟ ዝቅተኛ ነው፤ ሥልጠናዋም እንደዚያው። እንዲህ ባለ ሁኔታ ማንም ሰው ከልጁ አይርቅም። ስለዚህ ወደ ኋላ ማፈግፈግም ሥራ መሆኑን ርዕሰ መምህሯ በግልጽ መናገር አለባት። ከመርዳት በፊት በልብ እስከ አሥር መቁጠር። ከጎን ሳይሆን ከኋላ መቀመጥ። ሌሎቹንም ልጆች ማገዝ፣ "የእሷ ሰው" ብቻ ሆኖ እንዳይቀር።

ጣሊያን በዚህ በኩል የምትጠቀስ አገር ናት። በ1977 ልዩ ክፍሎችን በሕግ ቁጥር 517 አስቀርታ ልጆቹን ወደ መደበኛው ክፍል አስገባች። የ1992ቱ ሕግ ቁጥር 104 ደግሞ የድጋፍ መምህሩ የክፍሉ የጋራ ባለቤት ነው ይላል። የተመደበው ለክፍሉ ነው እንጂ ለአንድ ልጅ ብቻ አይደለም። በተግባር ሁልጊዜ እንደተጻፈው አይሄድም፤ ጣሊያኖቹ ራሳቸው "ልጁ ለድጋፍ መምህሩ ተተወ" እያሉ ያማርራሉ። ሐሳቡ ግን ትክክል ነው።

ወላጅ አንድ ቀላል ጥያቄ ጠይቆ ነገሩን ማወቅ ይችላል። ረዳቷ ታማ የቀረች ቀን ምን ይሆናል? "ልጅቷን ዛሬ አታምጧት" ከተባለ፣ ልጅቷ የተመዘገበችው ክፍሉ ውስጥ ሳይሆን ረዳቷ ጋ ነው።

"እኔ ለዚህ አልሠለጠንኩም"

መምህሯስ? ሃያ ምናምን ሕፃናት ይዛ ብቻዋን ለቆመች ሰው "አካታች ሁኚ" ማለት ቀላል ነው። "አልሠለጠንኩም" ስትል እውነቷን ነው። ሰበብ ነው ብሎ ማለፍ አይገባም። ተጨማሪ እጅ ያስፈልጋታል፤ ዳይፐር የሚቀየርበት የተከለለ ቦታ ያስፈልጋል፤ የምትጠይቀው ባለሙያ ያስፈልጋታል።

ግን ሥልጠና ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ስለ በሽታው ስም መማርን ነው። ስሙ ብዙ አይነግርም። ሴሬብራል ፓልሲ ያለበት አንዱ ልጅ ትንሽ ያነክሳል፤ ሌላው አንገቱን ማቃናት አይችልም። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ በ2001 ባወጣው ምደባ አካል ጉዳትን የሚያየው በሰውየው የጤና ሁኔታና በአካባቢው መካከል ባለው ግንኙነት ነው። መምህሯ የሚጠቅማት እናት የጻፈችው አንድ ገጽ ነው። ምን ያስቃታል? ደስ ሳይላት ሲቀር እንዴት ታሳያለች? ምን ዓይነት ምግብ ያንቃታል? የሚጮህ ድምፅ ያስፈራታል ወይ? ስትደክም ምን ትሆናለች?

የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ ከሆነ ደግሞ ገጹ ላይ ሌላ ነገር ይጨመራል። ሲጥለው በጎኑ ማስተኛት፣ አፉ ውስጥ ምንም አለመክተት፣ አለመጫን፣ ሰዓት መያዝ። ከ5 ደቂቃ ካለፈ አስቸኳይ ሕክምና መጥራት። ይህን ግድግዳ ላይ የለጠፈና አንድ ጊዜ የተለማመደ ክፍል ፍርሃቱ በግማሽ ይቀንሳል። መምህራንን የሚያስጨንቃቸው ብዙ ጊዜ ልጁ ሳይሆን "አንድ ነገር ቢሆንስ?" የሚለው ነው።

የሌሎቹ ልጆች ወላጆችም አሉ። "የእኔ ልጅ ትኩረት አያንስበትም?" ይላሉ፤ ጮክ ብለው ባይሆንም። በዚህ ላይ የተሠሩት ጥናቶች አብዛኞቹ ጉዳት የሌለባቸው ልጆች ትምህርታቸው አይጎዳም፤ አንዳንዴም ይጠቀማሉ የሚል ውጤት ነው ያገኙት። አካቶ ለአካል ጉዳተኞቹ ልጆች የሚያስገኘው የትምህርት ውጤት ግን ከጥናት ጥናት ይለያያል። ይህንን መደበቅ አያስፈልግም፤ ልዩነቱን የሚፈጥረው በአብዛኛው ክፍሉ ውስጥ የሚደረገው ድጋፍ ነው።

ልጆቹ ራሳቸው ይጠይቃሉ። "ለምንድነው የማትሄደው?" ትልቅ ሰው ደንግጦ "ዝም በል፣ ነውር ነው" ይላል። ልጁ የሚማረው ስለ ልጅቷ ማውራት ነውር መሆኑን ነው። "አንጎሏ ለእግሮቿ የሚልከው መልእክት በደንብ አይደርስም፤ ስለዚህ በዎከር ትሄዳለች" ማለት ይበቃል። የአራት ዓመት ልጅ "እሺ፣ እኔም ዎከሩን ልሞክረው?" ብሎ ያልፋል።

ከማግለል በላይ እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ከመጠን ያለፈ ደግነት። ዕቃ ዕቃ ሲጫወቱ ሁልጊዜ ሕፃኗ እሷ ናት። ያጎርሷታል፤ ይሸፍኗታል፤ ጉንጯን ይስማሉ። ትልልቆቹ ሲያዩ "እንዴት የሚያምሩ ልጆች!" ይላሉ። ለሦስተኛ ሳምንት ሕፃን የሆነችን ልጅ ግን ማንም አልጠየቃትም። መምህሯ ገብታ "ዛሬ ሐኪሟ እሷ ናት፤ የታመመ ይምጣ" ብትል ጨዋታው ይገለበጣል።

መደበኛው ሁልጊዜ ይበቃል?

አይበቃም። ሉዊ ብሬይል በሦስት ዓመቱ በአባቱ የቆዳ ሥራ ቤት ዓይኑን ተጎዳ፤ በአምስት ዓመቱ ሙሉ በሙሉ ማየት ተሳነው። ኩቭሬ በምትባለው የፈረንሳይ መንደሩ ግን ከሚያዩ ልጆች ጋር ትምህርት ቤት ተቀምጦ እየሰማ ይማር ነበር። ከሁለት መቶ ዓመት በፊት! ማንበብና መጻፍ ግን አልቻለም። ክፍሉ ተቀብሎታል፤ መሣሪያ ግን አልሰጠውም። በ1819፣ በአሥር ዓመቱ ፓሪስ ወዳለው የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ሄደ። ዛሬ በስሙ የሚጠራውን፣ በጣት እየተዳሰሰ የሚነበበውን ጽሕፈት የቀመረው እዚያ ነው፤ በአሥራ አምስት ዓመቱ።

መስማት የተሳናቸው ልጆች ጉዳይ ከዚህም ይጠነክራል። ምልክት ቋንቋ የሚያውቅ ሰው በሌለበት ክፍል ብቻውን የተቀመጠ ልጅ ከሃያ ልጆች መካከል ሆኖ ብቸኛ ነው። ያ ዕድሜ ደግሞ ቋንቋ የሚተከልበት ነው፤ ካለፈ በኋላ ለማካካስ በጣም ይከብዳል። የሳላማንካው ሰነድ እንኳ እነዚህ ልጆች በልዩ ትምህርት ቤት ወይም በመደበኛው ውስጥ ባለ ልዩ ክፍል ቢማሩ የበለጠ ሊስማማቸው እንደሚችል ጽፏል። አንድም ሁለትም መስማት የተሳናቸው ጓደኞችና በምልክት የሚያወራ ትልቅ ሰው ካሉ ግን መደበኛው መዋዕለ ሕፃናት ሌላ ቦታ ይሆናል። ማሳቹሴትስ ውስጥ ማርታስ ቪንያርድ በምትባል ደሴት ከ1700ዎቹ እስከ 1900ዎቹ መጀመሪያ በዘር የሚተላለፍ የመስማት ችግር ስለነበር የሚሰማውም የማይሰማውም በምልክት ያወራ ነበር። ሕፃናት ምልክት ለመማር ሥልጠና አይጠብቁም። የሚያወራቸው ካገኙ ይለቅሙታል።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት

ስለ አጀማመሩ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። ብዙ ትምህርት ቤቶች "ለጊዜው በቀን አንድ ሰዓት ተኩል ትምጣ" ይላሉ። ለማላመድ ጥሩ ነው። ግን "ለጊዜው" የሚለው ቃል ቀን ይቆረጥለት። በስድስተኛው ሳምንት እንገናኝ፣ ሰዓቱን እንጨምር ተብሎ ይጻፍ። ካልተጻፈ ዓመቱ በአንድ ሰዓት ተኩል ያልቃል። የምትቀርባት ሰዓት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የነፃ ጨዋታው ሰዓት ናት፤ ጓደኝነት የሚጀመርባት።

ወላጅም ልጁን ሊወስድ ሲመጣ የሚጠይቀው ጥያቄ አለው። "ዛሬ በላች? አለቀሰች? ተኛች?" እነዚህ የሕመምተኛ ጥያቄዎች ናቸው። "ዛሬ ከማን ጋር ተጫወተች?" የሚለው በየቀኑ ቢጠየቅ መምህሯም መልስ ለመያዝ ዓይኗን ወደዚያ ትጥላለች። ለሁለት ሳምንት መልሱ "ከረዳቷ ጋር" ከሆነ የሚነጋገሩበት ነገር አገኙ።

እና አንድ ቀን መምህሯ እናትየዋን በር ላይ ጠብቃ፣ ትንሽ ተሸማቅቃ፣ "ዛሬ ልጅሽ ተጣልታለች። ኩቡን ቀማችውና 'ሂድልኝ' የሚለውን ሥዕል ሦስት ጊዜ አሳየችው፤ እሱም አልቅሷል" ትላት ይሆናል። እናትየዋ ይቅርታ ትጠይቃለች። እየተቆጣች ለመምሰል ትሞክራለች። መኪናው ውስጥ ከገቡ በኋላ ልጅቷን ዞር ብላ ታያታለች፤ ልጅቷም ሰሌዳዋ ላይ "ነገ" የሚለውን ትጠቁማለች።